የበርበሬ ዕድሜ በስልክ ፎቶ ይታወቃል?

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከወንበርማ የሚወጣ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ ከመጫኑ በፊት አሁን አንድ ጣቢያ ጨምሯል፤ የስልክ ካሜራ። ገዥው ማዳበሪያውን በእጁ ሳይዳስስ በቴሌግራም የተላከለትን ምስል አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ጭነቱ ደርሶ ዛላው ከፎቶው ጋር ካልገጠመ ድርድሩ እንደገና ይጀመራል። የመኪና ኪራይ ከፍሎ ሩቅ የደረሰ ሻጭ ደግሞ የተባለውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ አማራጭ እምብዛም የለውም። ክርክሩን ከሚያስነሱ ጥያቄዎች አንዱ፣ ዛላው የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ የሚለው ነው።

በአካባቢው በዝናብ የሚለማው በርበሬ በሚያዝያና በግንቦት በመደብ ላይ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ቀይ ዛላው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቀማል። ዛላውን የሚያቀሉት ካሮቲኖይድ የተባሉት ቀለም ሰጪ ውሁዶች በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ይጎዳሉ። ስለሆነም ዛላ በቆየ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ይቦዝዛል። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን የዕድሜ ምስክር መሆን አይችልም። ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ የተረሳ የዘንድሮ ዛላ ሊገረጣ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ጎተራ በደረቁ የተቀመጠ የአምና ዛላ ግን መልኩን ሊጠብቅ ይችላል። ዝርያም ልዩነት አለው። ማረቆ ፋና በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ቀይ በመሆኑ ጥላ ውስጥ ፎቶ ሲነሳ ያለ ዕድሜው ያረጀ ይመስላል።

በመራዊ አቅራቢያ በሚገኘው በቆጋ መስኖ ደግሞ የዘመኑ ቆጠራ ራሱ ይለያል። እዚያ በበጋ የሚለማው በርበሬ ቀልቶ እንዲደርቅ ከተተወ የሚሰበሰበው የዝናቡ ምርት ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። በግንቦት የቀረበለትን ዛላ ሁሉ የጥር ምርት ነው ብሎ የሚገምት ገዥ አዲሱን ከከረመው ሊያደባልቅ ይችላል።

ካሜራው ደግሞ የራሱን ስህተት ይጨምራል። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ቀለም በራሱ ግምት ያስተካክላል። ሰማያዊ ሸራ ላይ የተሰጣ በርበሬ አንድ መልክ፣ ቢጫ አምፖል ሥር ያለው ሌላ መልክ ይይዛል። በቀትር ፀሐይ የተነሳ ቀይ ነገር ዝርዝሩ ይጠፋና ደም የመሰለ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል፤ ብዙ ስልኮችም ምስሉን በራሳቸው ያደምቁታል። በመሆኑም ሻጩ ሳያጭበረብር ሐሰተኛ ፎቶ ሊልክ ይችላል።

በሻይ ንግድ ይህ ችግር የቆየ ነው። በኬንያዋ የሞምባሳ ጨረታ ገዥዎች የሻይ ቅጠሉ ናሙና አስቀድሞ ይደርሳቸዋል፤ ቅጠሉን አይተው፣ አፍልተውና ቀምሰው ነው ዋጋ የሚሰጡት። በርበሬም ከዚህ የተለየ አያያዝ አይገባውም፤ ፎቶው ለመጀመሪያ ንግግር እንጂ ለመጨረሻ ዋጋ አይበቃም።

ፎቶ መላክ ካልቀረ ግን ዕድሜ የሚታይበትን ቦታ ማሳየት ይሻላል። ይህም የዛላው ውስጥ ነው። የአዲስ ዛላ ፍሬ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ፍሬውን የያዘው ውስጠኛ ክፍልም ነጣ ያለ ነው። ሲከርም ሁለቱም ወደ ቡናማ ይሄዳሉ። ዘንጉ በአዲሱ ላይ አረንጓዴነት ይቀረዋል፣ በከረመው ላይ ገለባ ይመስላል። ከማዳበሪያው ላይ፣ መሐልና ሥር ጥቂት ጥቂት ዛላ አውጥቶ፣ ከየቦታው የተወሰነውን ሰንጥቆ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ፣ በጠዋት ጥላ ሥር ያለ ፍላሽ ማንሳት ይበቃል። ነጩ ወረቀት ነጭ ሆኖ ካልታየ ቀዩም አይታመንም። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ምስል ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀንስም። የላዩን ብቻ አንስቶ መላክ ግን ሥሩ የከረመ ነው የሚል ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ መሠረት አለው።

ፎቶ የማያሳየው ነገርም አለ፤ ሽታና እርጥበት። የተሻለ ቀለም ወይም ክብደት እንዲኖረው ውኃ የተረጨበት ዛላ በፎቶ ያምራል፤ በማዳበሪያ ውስጥ ግን ይሻግታል። ሻጋታው ከሚያመርታቸው መርዞች አንዱ አፍላቶክሲን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከረመ የተባለ ግን በደንብ የደረቀ ዛላ አዲስ ሆኖ ከታሸገ እርጥብ ዛላ ይሻላል። የገበያው ዋጋ ይህን ልዩነት በወጉ አለማየቱ አርሶ አደሩን ሳያደርቅ እንዲሸጥ ይገፋፋዋል።

የወረዳ ንግድና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ወጪ ሳያወጡ የሚያግዙበት መንገድ አለ። ሁለቱ ወገኖች ከመጫኑ በፊት ከጭነቱ ላይ ናሙና ወስደው፣ አሽገውና ፈርመው በቀበሌው እንዲያስቀምጡ ማድረግ ይቻላል። በማዳበሪያው ላይም የተለቀመበት ወርና ቀበሌ ይጻፍ። ክርክር ሲነሳ የሚከፈተው ናሙናው ነው፤ የስልኩ ፎቶ አይደለም።