«ምርመራ» እና «ምርምር»፦ በሆስፒታል ውስጥ ለሚገኝ የክሊኒካዊ ምርምር ማዕከል የአመራርና የአስተዳደር ስያሜዎች

በአማርኛ ከአንድ ሥር የበቀሉና በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎቻቸው አናባቢ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች አሉ፤ እነርሱም «ምርመራ» እና «ምርምር» ናቸው። የሁለቱም መሠረት «መረመረ» ሲሆን አገልግሎታቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። አንድ ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ደሙ፥ ሽንቱ ወይም አክታው የሚታይበት ሥራ «ምርመራ» ይባላል፤ ፍጻሜውም በሽታውን ዐውቆ ለዚያው ሰው የሚበጀውን መድኃኒት ማዘዝ ነው። «ምርምር» ግን ገና ያልታወቀን ነገር ለማወቅ የሚደረግ ሥራ በመሆኑ ፍሬው ለታማሚው ሳይደርስ ለሌሎች ብቻ ሊተርፍ ይችላል። እንግዲህ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ግቢ፥ አንዳንዴም በአንድ ሐኪም እጅ ሲከናወኑ የቃላቱ መቀራረብ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። «ለምርመራ ደም እንወስዳለን» የተባለ ታካሚ ደሙ ለራሱ ሕክምና የሚያስፈልግ መስሎት ክንዱን ይዘረጋል፤ ደሙ የተወሰደው ለምርምር ከሆነ ግን ያላወቀውን ነገር ፈቀደ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሆስፒታል ውስጥ የተቋቋመ የክሊኒካዊ ምርምር ማዕከል ለአመራሩና ለአስተዳደሩ ከሚያስፈልጉት ስያሜዎች ዋና ዋናዎቹን እናያለን። ለማስረጃነት የሐዋሳን ከተማ መርጠናል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ሲቋቋም ቀድሞ ከነበሩት የአዋሳ እርሻ፥ የወንዶ ገነት ደንና የዲላ ኮሌጆች የተውጣጣ ነበር፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ሕክምናን፥ ማስተማርንና ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ (ሲዳሙ አፎ) ሲሆን በከተማው አማርኛም በሰፊው ይነገራል፤ ወላይትኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ታካሚዎችም ይመጣሉ። በመሆኑም በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንድ የጥናት ሰነድ ወደ ሁለትና ወደ ሦስት ቋንቋ መመለሱ አይቀርም፤ አማርኛው መሸጋገሪያ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በአማርኛው ላይ የተፈጠረው ስሕተት ወደ ቀጣዩ ቋንቋ ይወርዳል።

ስያሜ ስንመርጥ የምንከተለው ቅደም ተከተል ለአንባቢያን አዲስ አይደለም። መጀመሪያ በሕዝቡ አንደበት ያለውን ቃል እንፈልጋለን፤ ከታጣ ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንዞራለን፤ ይህም ካልተሳካ የውጭውን ቃል እንዋሳለን። በዚህ ላይ አንድ መመዘኛ እንጨምራለን፤ ይኸውም ስያሜው የሚነካው ሰው ማለትም ታካሚው ቃሉን ሲሰማ ምን ይረዳል የሚለው ነው።

ከ«ክሊኒካዊ» እንጀምር። ቃሉ «አልጋ» ከሚል የግሪክ ስም የመጣ ሲሆን በመነሻው በታማሚው አልጋ አጠገብ የሚሠራውን ሥራ ያመለክታል። በአማርኛ ግን «ክሊኒክ» ከሆስፒታል ያነሰ የሕክምና ቤት መጠሪያ ሆኖ ስለ ለመደ «ክሊኒካዊ ምርምር» ሲባል ስለ ክሊኒኮች የሚደረግ ጥናት ይመስላል። «የሕክምና ምርምር» ብንለው ደግሞ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚሠራውንም ስለሚያጠቃልል ይሰፋል። ባለሙያው «ክሊኒካዊ ምርምር» የሚለውን ስለ ተቀበለው በሙያ ጽሑፍ እንዲጸና፥ ለሕዝብ በሚነገረው ቃል ግን «በሰዎች ተሳትፎ የሚካሄድ የሕክምና ጥናት» ተብሎ እንዲተነተን እንመክራለን። «ማዕከል» በግዕዝ «ማእከል» ሲሆን «መካከል» ማለት ነው፤ ለተቋም መጠሪያነት ከጸና ቆይቷልና ሊነካ አይገባውም።

«አመራር» እና «አስተዳደር» ብዙ ጊዜ ተጣምረው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስላሉ። «መራ» ፊት ሆኖ መንገድ ማሳየት ነው፤ «አስተዳደረ» ደግሞ ያለውን ሰው፥ ገንዘብና ንብረት በሥርዓት መያዝ ነው። በመካከላቸው «ሥራ አመራር» አለ፤ ይህም ሰውና ሀብት ወደ ግብ የሚመሩበት ሙያ ነው። በማዕከሉ ውስጥ የትኛው በሽታ ይጠና፥ የትኛው ጥያቄ ይቅደም የሚለው የአመራር ጉዳይ ነው፤ የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ፥ የሠራተኛው ደመወዝና የመዝገቡ አያያዝ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በቅርብ ዘመን «አመራሮች» እያሉ ሰዎቹን መጥራት ተለምዷል። ይህ አጠቃቀም የድርጊቱን ስም የሰው ስም ስለሚያደርገው «አመራሩ ደካማ ነው» ሲባል የተነቀፈው ሰውዬው ይሁን አሠራሩ አይለይም። ስለዚህ ለሰው «መሪ» ወይም «ኃላፊ»፥ ለድርጊት «አመራር» ማለት ይገባል።

የማዕረግ ስሞችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግቢ በእንግሊዝኛ «ዳይሬክተር» የሚባሉ ብዙ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። «ሥራ አስኪያጅ» ከ«ሄደ» የወጣ በመሆኑ ሥራው እንዲሄድ የሚያደርገውን ሰው፥ «ሥራ አስፈጻሚ» ከ«ፈጸመ» የወጣ በመሆኑ የተወሰነው እንዲፈጸም የሚያደርገውን ሰው ይጠቁማሉ። በሆስፒታሎቻችን «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የጠቅላላው ተቋም የበላይ መጠሪያ ስለሆነ የምርምር ማዕከሉን ኃላፊ በዚሁ ስም መጥራት ግራ ያጋባል፤ «የምርምር ማዕከል ዳይሬክተር» ይበቃዋል። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚይዘው ደግሞ «የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ» ሊባል ይችላል።

ወደ ጥናቱ ባለሙያዎች ስንመጣ የመጀመሪያው ችግር እንደገና «መረመረ» ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እንድናርመው በቀረበልን አንድ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ የጥናቱ የበላይ ባለሙያ «ዋና መርማሪ» ተብሎ ተጽፎ አገኘን። «መርማሪ» ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ በፊት ፖሊስን ያስታውሰዋል፤ ታካሚውም ተጠርጣሪ የሆነ ያህል ይሰማዋል። የዚህ ሙያ ትክክለኛ ስም ከ«ተመራመረ» የሚወጣው «ተመራማሪ» ነውና «ዋና ተመራማሪ» ሊባል ይገባል። ይህ ሰው ሥራውን ለነርሶች፥ ለመረጃ ሰብሳቢዎችና ለጥናት አስተባባሪው ሊያከፋፍል ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን ከእርሱ አይወርድም። «ውክልና» በሕግ አማርኛ ሥልጣንን ለሌላ ሰው መስጠትን ስለሚያመለክት እዚህ ላይ «ሥራን ማከፋፈል» ማለት ይመረጣል፤ የተከፋፈለው ሥራ እንጂ ተጠያቂነቱ አይደለምና።

ጥናቱን የሚያስጀምረው፥ የሚመራውና ወጪውን የሚያስችለው አካል በእንግሊዝኛ «ስፖንሰር» ይባላል። ይህ ቃል ወደ አማርኛ የገባው በስፖርትና በማስታወቂያ በኩል ስለሆነ ገንዘብ ሰጪ ብቻ ይመስላል። «ለጋሽ» ብንለው ስሕተቱ ይብሳል፤ ለጋሽ ሰጥቶ ይሄዳል፥ ይህ ግን በተሳታፊው ላይ ለሚደርሰው ነገር ይጠየቃል። «አስጠኚ» በአገባብ ልክ ነበር፤ ሆኖም ተማሪ ቤት ቀድሞ ወስዶታል። መፍትሔው በየግንባታው አጥር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ይገኛል፤ እዚያ «የፕሮጀክቱ ባለቤት፥ አማካሪ፥ ሥራ ተቋራጭ» ተብሎ ይጻፋል። ባለቤት ማለት ሥራውን ያዘዘና የሚጠየቅ መሆኑን ማንም አላፊ አግዳሚ ይረዳዋል። «የጥናቱ ባለቤት» የምንለውም ስለዚህ ነው። ይሁንና ስያሜው የተሳታፊውን ደምና መረጃ እስከ መያዝ የሚደርስ የባለቤትነት መብት የሚሰጥ እንዳይመስል በሰነዱ መግቢያ ትርጉሙ ሊወሰን ይገባል።

ጥናቱን በቅርብ የማየት ሥራ ሦስት ዓይነት ነው። የጥናቱ ባለቤት በየጊዜው ሰው ልኮ ሥራው በዕቅዱ መሠረት መሄዱን ያያል፤ ነጻ ባለሙያ መዝገቡን ከሠነዱ ጋር ያመሳክራል፤ መንግሥትም በሕግ ሥልጣኑ ገብቶ ያያል። የመጀመሪያውን «ክትትል» ማለት ተለምዷል። ነገር ግን «የእርግዝና ክትትል» እንደምንለው ሁሉ ይህ ቃል በሐኪም ቤት ታካሚን መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ «የጥናት ክትትል» እና «የታካሚ ክትትል» ተብለው ሁልጊዜ በሙሉ ስማቸው ይጠሩ። ሁለተኛው «ኦዲት»፥ ሦስተኛው «ቁጥጥር» ይባል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚያደርገው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ከሁሉ በፊት ጥናቱን አይቶ የሚፈቅደው ቦርድ አንዳንድ ጊዜ «የተቋም ገምጋሚ ቦርድ» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ ቃል በቃል የተደረገ ትርጉም ሲሆን በአማርኛ አገባብ ተቋሙን የሚገመግም ቦርድ ማለት ይሆናል። ከዚህም ሌላ «ግምገማ» ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሚተቹበት ስብሰባ መጠሪያ ሆኖ ስለ ነበር የራሱን ጠባሳ ይዟል። የቦርዱ ሥራ የተሳታፊዎችን መብትና ደኅንነት መጠበቅ ነውና «የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ» ቢባል ግልጽ ይሆናል።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር የሚያርፍበትን ቃል እንመልከት። ታካሚው በጥናቱ ለመሳተፍ የሚሰጠው ቃል በብዙ ቅጾች «ስምምነት» ይባላል። «ተስማማ» የሁለት ወገን ግሥ ነው፤ ስምምነትም ውል ነው፥ ውል ማፍረስ ደግሞ በባህላችን ነውር ነው። በዚህ ስያሜ የፈረመ ሰው «ጥናቱ ይቅርብኝ» ለማለት ያፍራል። የሙያው ሥርዓት ግን ተሳታፊው በፈለገው ጊዜ ያለ ቅጣት መውጣት እንደሚችል ያዛል፤ ይህ መርሕ የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ» ይሻላል፤ ፈቃድ የሰጪው ነውና የሰጠው ሰው ሊመልሰው ይችላል። «የመንጃ ፈቃድ» እና «የዓመት ፈቃድ» ከሚሉት እንዲለይ «ተረድቶ የተሰጠ ፈቃድ» እንድንለው እናሳስባለን። «ተረድቶ» የሚለው ግሥ ሸክሙን በማን ላይ እንደሚጥል ልብ ይሏል፤ ታካሚው ካልተረዳ ፊርማው አለ፥ ፈቃዱ ግን የለም።

በተመሳሳይ መንገድ «ተጠኚ» የሚለው ቀርቶ «ተሳታፊ» እንዲባል እንደግፋለን። «ተጠኚ» የሚደረግበት ነው፤ «ተሳታፊ» የሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም በእንግሊዝኛው ይህንኑ ለውጥ አድርጓል።

በአገራችን ሐኪም ቤትና የምርምር ቤት ጐን ለጐን መኖራቸው የዛሬ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በአለርት ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርመወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከሥጋ ደዌ ሕክምና አጠገብ የተወለደ ነው። በእንዲህ ያለ ጐረቤትነት ታካሚው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲሻገር መሻገሩን የሚነግረው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሐዋሳም ሆነ ለሌሎች ከተሞች ተርጓሚዎች የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ለታካሚ በሚነበብ ሰነድ ሁሉ «ምርመራ» ለራሱ ለታካሚው ለሚደረገው፥ «ምርምር» ወይም «ጥናት» ለሌላው ለሚተርፈው ብቻ ይዋል፤ ወደ ሲዳምኛም ሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመለስ ሰነድ ቋንቋውን በሚናገር ሌላ ሰው ተመልሶ ወደ አማርኛ ይተርጐምና ሁለቱ ይመሳከሩ። ማመሳከሩ ሥራን ያረዝማል፤ ነገር ግን አንዲት እናት በመዝገብ ላይ የጣት አሻራዋን ከማሳረፏ በፊት የገባት ነገርና የተጻፈው ነገር አንድ መሆኑን የምናውቅበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘንም።