እንጨት ይገዛል፣ ጣት አይገዛም
ማርቲንዴል፣ ጋራዣችን ውስጥ ለእናቴ ረከቦት እየሠራሁ ነበር። ከጠረጴዛ መጋዙ ዲስክ ኋላ የሚቆመውን ብረት አውልቄዋለሁ። ጣውላው ዲስኩን ከኋላ ቆነጠጠው፤ ዲስኩም ጣውላውን ወረወረው። ሆዴን መታኝ።

አባቴ ሮጦ መጣ። «ልጄ፣ እንጨት ይገዛል፤ ጣት አይገዛም» አለኝ።

አሁን የምመኘው መጋዝ ሶውስቶፕ ነው። ዲስኩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አለ። ጣት ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፤ ፍሬኑም ዲስኩን በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ያቆመዋል። ግን ውድ ነው፤ የእንጨት መወርወርንም አያስቀርም።

ስለዚህ ብረቱን መልሻለሁ። መነጽር አደርጋለሁ። ዲስኩ እንዳይጎትተው ጓንት አላደርግም። ከዲስኩ ፊት ለፊት አልቆምም። ትንሽ እንጨት በእጄ አልገፋም፤ መግፊያ ዱላ አለኝ። ዲስክ ስቀይር ሶኬቱን እነቅላለሁ።

ረከቦቱ አልቋል። እናቴ ስኒ ስትደረድርበት፣ በዓይኗ ጣቶቼን ትቆጥራለች።