ግሳትና ቃር ምን ያገናኛቸዋል?

ከምግብ በኋላ ማግሳት በሽታ አይደለም። ሰው ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ምራቁን ሲውጥ እንኳ ጥቂት አየር አብሮ ይውጣል። ጨጓራና የምግብ ቧንቧ በሚገናኙበት ቦታ እንደ በር የሚያገለግል ክብ ጡንቻ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል። የተዋጠው አየር ተጠራቅሞ የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል ሲወጥረው ጡንቻው ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል፤ አየሩም ይወጣል። ጣጣው ይህ በር አየሩን ብቻ ለይቶ የማያሳልፍ መሆኑ ነው። አሲድም በዚያው ሾልኮ ከደረት አጥንት ጀርባ ያቃጥላል፤ ሲብስም ጉሮሮ ድረስ መጥቶ አፍን ያኮመጥጣል።

ቀደም ሲል ብዙ ሐኪሞች ቃር የሚመጣው ጡንቻው ሁልጊዜ ደካማ ስለሆነ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ዴንትና ባልደረቦቹ በጤነኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ አሲድ በአብዛኛው የሚመለሰው ጡንቻው ለጊዜው በሚላላበት ቅጽበት መሆኑን አሳዩ። ግሳትም የሚወጣው በዚያው ቅጽበት ነው። የሁለቱን ዝምድና ቀዶ ሕክምናም ይመሰክራል። ሩዶልፍ ኒሰን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና የጨጓራውን ጫፍ በምግብ ቧንቧው ታችኛ ክፍል ዙሪያ በመጠቅለል በሩን ያጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቃሩ ይቆማል፤ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ግን ማግሳት ተስኗቸው ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ይቸገራሉ።

ይህ ማለት ግን የሚያገሳ ሁሉ ቃር አለበት ማለት አይደለም። በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ አየርንና ፈሳሽን ለይቶ፣ የሚሄዱበትንም አቅጣጫ ጭምር የሚመዘግብ መሣሪያ በ1990ዎቹ ከመጣ ወዲህ፣ ግሳት ሁለት ዓይነት መሆኑ ታውቋል። አንደኛው ከጨጓራ የሚወጣው የተለመደው ግሳት ነው። በሁለተኛው ግን አየሩ ጨጓራ አይደርስም፤ ሰውየው ሳያውቀው ወደ ምግብ ቧንቧው ይስበውና ወዲያው መልሶ ያስወጣዋል። በደቂቃ ውስጥ ደጋግመው የሚያገሱ፣ ሰው ፊት መቀመጥ እስኪያሳፍራቸው የሚቸገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለባቸው ይህ ነው። መለያውም ግልጽ ነው፦ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ይቆማል፤ ወሬ ሲይዙ ወይም ሐሳባቸው ሌላ ነገር ላይ ሲሆን ይቀንሳል። መድኃኒቱም ክኒን ሳይሆን በሆድ መተንፈስን መለማመድና ልማዱን የሚያስተው የምክር ሕክምና ነው። ያም ሆኖ ይህኛውም ከቃር ጋር ጨርሶ አይገናኝም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቃሩ ሲነሳበት ይቀለኛል ብሎ አየር ይውጣል፤ አየሩን ለማስወጣት ሲታገል ደግሞ ግፊቱ ሌላ አሲድ ያመጣበታል።

በእኛ አገር ለቃር መጀመሪያ የሚታሰበው አምቦ ውሃ ነው። እፎይታው እውነት ነው፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት አሲዱን ያበርዳል። ነገር ግን ጋዙ ጨጓራውን ይወጥረዋል፤ ግሳቱ ሲወጣ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ እራት በልቶ ሊተኛ ለተዘጋጀ ሰው የምመክረው አይደለም። ቀኑን ጾሞ ማታ ላይ ብዙ በልቶ ወዲያው ጋደም ማለትም ያው ነው። በእኔ እምነት ከክኒን በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ እራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ያህል ማስቀደም፣ አልጋውን ከራስጌ በኩል ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎን መተኛት፣ ቀበቶም ሆነ መቀነት አለማጥበቅ። በርበሬና ቡና ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዱም፤ የሚቀሰቅስበት ሰው ብቻ ይተው። ማስቲካ፣ ሲጋራና ጥድፊያ የተሞላበት አበላል ግን የሚዋጠውን አየር ያበዛሉ።

ከፋርማሲ በራስ ውሳኔ የሚገዛው ኦሜፕራዞል የአሲዱን መጠን ይቀንሳል፤ የሚዋጠውን አየር አይቀንስም፣ በሩንም አይዘጋም። ቃር የሌለበት፣ ግሳት ብቻ የሚያስቸግረው ሰው ለወራት ቢውጠው የሚያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያውም ቢሆን ለቁስለት ዋና መንስኤ እንጂ የቃር ዋና ምክንያት አይደለም፤ ባክቴሪያው ታክሞ ጠፍቶ ቃሩ ቢቀጥል ሊያስገርም አይገባም።

አንድ ነገር ግን ከቃርም ከግሳትም ጋር አይደባለቅ። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ አብዛኛው በአሲድ የሚመጣው ዓይነት ባይሆንም መጀመሪያ ላይ እንደ ቃር ተቆጥሮ ጊዜ ያልፍበታል። እንጀራው ደረትዎ ላይ ተሰክቶ አልወርድ የሚልዎት፣ ያለ ምክንያት የሚከሱ፣ ደም የሚያስታውክዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ከሰል የጠቆረ ከሆነ፣ አምቦ ውሃውንም ክኒኑንም ይተዉና በካሜራ ወደሚመረምር ሐኪም ፈጥነው ይሂዱ። ማቃጠሉ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድና ላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ደግሞ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።