ድድ ሲደማ ቅጠል ብቻውን አይበቃም

ጥርስን ይዞ የሚያቆመው ድድና ከሥሩ ያለው አጥንት ነው። ቤት ያለ መሠረት እንደማይቆም ሁሉ፣ ጥርስም ያለ ጤነኛ ድድ አይጸናም። ብዙ ሰው ግን ሲፍቅ ደም ቢያይ «መፋቂያው ወግቶኝ ነው» ብሎ ዝም ይላል። አንድ ቀን ቢወጋስ እውነት ይሆናል፤ ዕለት ዕለት የሚደማ ድድ ግን የታመመ ድድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በጸና የድድ በሽታ ተይዟል።

የበሽታው መነሻ ምንድን ነው? ከምግብ በኋላ ጥርስ ላይ ስስ፣ የሚያሟልጭ እድፍ ይለጠፋል። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በዚህ እድፍ ውስጥ ይራባሉ። እድፉ ቶሎ ካልጸዳ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያነሣውም። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እየቆየ ሲሄድ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል፤ መግል ይይዛል፤ አጥንቱ ይበላል፤ ጥርሱም ይነቃነቃል። የተበላው አጥንት በራሱ ተመልሶ አይተካም።

ዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ከዕፅዋት የተዘጋጀ ጄል ይሞክራሉ። ጄል ማለት የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ዓይነት ዝልግልግ መድኃኒት ነው፤ ስለሚጣበቅ ድድ ላይ ይቆያል። በተለይ በሕንድ አገር የእሬትና የእርድ ጄል በብዙ ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ሐኪሙ አስቀድሞ የጠነከረውን እድፍ በመሣሪያ ፍቆ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ጄሉን በድዱ ኪስ ውስጥ ያኖረዋል። እንዲህ ሲደረግ፣ ከመጽዳቱ ብቻ ይልቅ መድማቱና እብጠቱ በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። ጥናቶቹ ግን አብዛኞቹ ትንንሽና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው።

እንግዲህ ጄሉ ረዳት እንጂ ዋና ሐኪም አይደለም። ቆሻሻ ባለበት ቁስል ላይ ቅባት ቢቀቡት እንደማይድን ሁሉ፣ እድፉ ሳይነሣ ጄል መቀባት ትርፍ የለውም።

«እሬት ከጓሮአችን አለ፤ ለምን አንቀባም?» የምትሉ እናቶች ትኖራላችሁ። በአገራችን ብዙ ዓይነት እሬት ይበቅላል፤ ሐኪሞች የሞከሩት ግን ሁሉንም አይደለም። ደግሞም ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫው መራራ ፈሳሽ ከተዋጠ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣልም፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ ከጓሮ የተቆረጠ እሬት አፍ ውስጥ እንዳታደርጉ እንመክራለን።

ድድ መነቀስም እንዲሁ በሽታውን አያድንም። ጥቁሩ ቀለም የድዱን መቅላት ይሸፍናል እንጂ እድፉን አያነሣም፤ መርፌውም ካልጸዳ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በቤት ውስጥ ግን የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ ጠዋትና ማታ ከመኝታ በፊት ጥርስን አጽዱ። ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ጫፉ በደንብ ታኝኮ የለሰለሰ የወይራ መፋቂያ ይጠቅማል።

2ኛ/ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን መሥመር በቀስታ ፋቁ። ደማ ብላችሁ አትተዉ፤ የሚደማው ስላልጸዳ ነውና።

3ኛ/ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ተጉመጥመጡ፤ ከዚያም ትፉት።

4ኛ/ አንዱ በሌላው መፋቂያ ወይም ብሩሽ አይጠቀም። ትንባሆ የሚያጨስ ይተው፤ ትንባሆ ድድን ያደክማልና።

ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ይደማል፤ የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው በሽታው ይጸናበታል። እነዚህ አብልጠው ይጠንቀቁ።

ለ2 ሳምንት ያህል በደንብ አጽድታችሁ ደሙ ካልቆመ፣ መግል ከታየ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከሁሉ ይልቅ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ፣ ሰውነቱ የከሳ ወይም ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ክፉኛ ቢሸት አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ። ኖማ የሚባለው በሽታ እንዲህ ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ ጉንጭን ይበላል፤ ካልታከመም ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በመልካም ምግብ ይድናል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የድድ ቅጠሉ የዕለት ንጽሕና ነው፤ ጄሉ ከዚያ በኋላ በሐኪም እጅ ይምጣ።