ቤዛ የተጠየቀበት መዝገብ

ኮምፒውተርን ቀድመው ወደ ትምህርት ቤት ካስገቡት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ሚኒሶታ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት ዕጩ መምህራን ለታሪክ ትምህርት ብለው የደረሱት «ኦሪገን ትሬይል» የተባለው ጨዋታ መጀመሪያ የተሞከረው በሚኒያፖሊስ ተማሪዎች ፊት ነበርና። ይህች ቀዳሚት ግዛት ከኀምሳ ዓመት በኋላ የኮምፒውተር ሳይንስን በሁለተኛ ደረጃ በማዳረስ ረገድ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች፤ ምክር ቤቷም ትምህርቱን የሚያስፋፋ ሕግ ያወጣው ገና በ2023 ነው።

በዚያው ዓመት በየካቲት፥ ራሱን ሜዱሳ ብሎ የሰየመ የወንበዴዎች ማኅበር ወደ ሚኒያፖሊስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች መረብ ሠርጎ፥ መዛግብቱን ቀድቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ጠየቀ። የዚህ ዝርፊያ ተንኰሉ እጥፍ ነው፤ ፋይሉን ቆልፎ ባለቤቱን ያግዳል፥ ቅጂውን ይዞ ደግሞ በማጋለጥ ያስፈራራል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ ያለው መሥሪያ ቤት ሥራውን ይቀጥል ይሆናል እንጂ የወጣውን ምሥጢር ሊመልስ አይቻለውም። ትምህርት ቤቶቹ ቤዛውን አልከፈሉም፤ በመጋቢት ግን ለንስሐ አባት ወይም ለሐኪም ካልሆነ በቀር የማይነገረው ሁሉ፥ የተደፈረው ልጅ አቤቱታ፥ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የተኛው ተማሪ ታሪክ፥ ራሱን ለማጥፋት የሞከረው ብላቴና ጉዳይ፥ ከ300,000 በሚበልጡ ፋይሎች መካከል ለዓለም ተበተነ። ከ105,000 ለሚበልጡ ሰዎች የማስታወቂያ ደብዳቤ የተላከው በመስከረም ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ስለ ደኅንነት ሲያነሣ አታላይ መልእክትን መለየትን፥ ጠንካራ የይለፍ ቃልንና ተጨማሪ ማረጋገጫን ያስተምራል፤ መልካም ነው፥ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በልጁ ትከሻ ይጭናል። የሚኒያፖሊስ ተማሪ የይለፍ ቃሉን የቱንም ያህል ቢያረዝም ምሥጢሩን ባላዳነ ነበር፤ የተዘረፈው ከጠባቂዎቹ እጅ ነውና። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ስለ እርሱ ምን እንደሚጻፍ፥ ማን እንደሚከፍተው፥ ለስንት ዘመንም እንደሚቀመጥ መጠየቅን ነው ባይ ነኝ። የሰርጎ ገቦችን ዘዴ በክፍል ማስረዳት ሌባ ያፈራል ብለው ለሚሰጉ (ቅን ሰዎች ናቸው) መልሴ አጭር ነው፤ ሌባው መምህር አልጠበቀም። በሐምሌ 2025 ጎረቤቲቱ ከተማ ሴንት ፖል በመረብ ጥቃት ስትመታ አገረ ገዢው ቲም ዎልዝ የብሔራዊ ዘብን የመረብ ባለሙያዎች እስከ መጥራት ደርሰዋል።

በሁለቱ ከተሞች በሚኖረው የእኛ ሰው ቤት፥ በእንግሊዝኛ የመጣውን ደብዳቤ ለእናትና ለአባት የሚያነበው፥ የባንኩንም መተግበሪያ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ያው ልጅ ነውና፥ እርሱ የተማረው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይተርፋል። ለምሳሌ፥ ከ2018 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ወላጅ ከ16 ዓመት በታች በሆነ ልጁ ስም ሌላ ሰው ብድር እንዳይወስድ የብድር መዝገቡን ያለ ክፍያ ማሳገድ ይችላል፤ 16 የሞላው ራሱ ያሳግዳል፤ ጥያቄውም የብድር መዝገብ ለሚይዙት ኩባንያዎች፥ ለኤኩዊፋክስ፥ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን፥ ለየብቻ ይቀርባል። ይህን ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።