ለጾም ማዕድ የቲማቲም ስጎ፤ ከደራ የተገኘ ትምህርት



ዐቢይ ጾም ስምንት ሳምንታትን፣ በቀን ሲቆጠርም 55 ቀናትን የያዘ መሆኑ ይታወቃል። አምስተኛው ሰንበት ደብረ ዘይት ሲሆን፣ ጌታችን ስለ ዳግም ምጽአቱ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው ትምህርት የሚታሰብበት፣ ጾሙም የሚጋመስበት በመሆኑ እኩለ ጾም ይባላል። ይህ ሰሞን ታዲያ ለብዙ እናቶች የማዕድ ፈተና የሚበረታበት ነው። ሽሮና ምስር ሲፈራረቅባቸው የሰነበቱ ልጆች ከገበታው ፊታቸውን ማዞር የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነውና።

በአንድ የጾም ወቅት፣ በአርሲ በዶዶታ ወረዳ በምትገኘው በደራ ከተማ፣ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው የነገሩንን አንዘነጋውም። አዳማ ሄዶ የሚማር ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ፎርማጆ የበዛበት ፒዛ መብላቱን ራሱ ነግሯቸዋል። «ዲያቆን፣ እንዳልቆጣው እውነቱን ነገረኝ፤ እንዳልተወው ደግሞ ጾሙ ጾም ነው። ምን ይሻለኛል?» አሉን። እኛም፣ «እናቴ፣ የጾሙን ነገር ልጁ ራሱ ለንስሐ አባታችሁ ይንገራቸው፤ ይህ የእርሳቸው ሥልጣን ነው። ማዕዱ ግን በእርስዎ እጅ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ያንኑ የወደደውን በጾም ወግ ብሠራለትስ ኃጢአት ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተነትን፣ ዓላማው የሥጋን ፍላጎት አድክሞ ለነፍስ ማስገዛት መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ከሥጋና ከወተት ተከልክለን ሳለ በጾም ምግብ ድግስ የምናበዛ ከሆነ፣ የጾሙን ቃል ጠብቀን ምሥጢሩን ልናጣው እንችላለን። በሌላ በኩል ግን፣ ቤተሰብን በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚያቆይ፣ ወጪው ያልበዛና በልክ የተሠራ ምግብ የጾም ጠላት ሊሆን አይችልም። ለሴትየዋም የመለስነው ይህንኑ ነው፤ ቀለል ያለና በልክ የሆነ ይሁን፣ ከወጪው የሚተርፈውም የተቸገረን ያስብ።

ፒዛ የግድ ፎርማጆ የሚሻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ምግቡ በተስፋፋባት በጣሊያኗ ኔፕልስ ከተማ ጥንታዊ ከሚባሉት ዓይነቶች አንዱ የሆነው «ማሪናራ» ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠላ ቅጠልና የወይራ ዘይት ብቻ ያለበት ነው። ይኸውም ሳይታሰብ የጾም ምግብ ሆኖ የተገኘ ማለት ነው። በአገራችንም ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፓስታና ፉርኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ገብተው የቤታችን ቋንቋ ከሆኑ ቆይተዋል።

ደራ ደግሞ ለዚህ ምግብ የተመቸ ስፍራ ላይ ትገኛለች። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ ደራን ካለፈ በኋላ በኢተያ በኩል ወደ አርሲ ደጋ ያቀናል። ከታች በአዋሽ ሸለቆ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ ከላይ የአርሲ ደጋ ስንዴ ይታፈሳል። በዚሁ መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቲማቲም ዝርያዎች አንዱ «መልካ ሳልሳ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ነው። የመርቲ ፋብሪካም በቆርቆሮ በታሸገ የቲማቲም ድልህ ስሙ በየቤቱ ሲጠራ ኖሯል። የቆላው ቲማቲምና የደጋው ዱቄት በአንድ ምጣድ ላይ ቢገናኙ የሚያስገርም አይሆንም።

የስጎው አሠራር የሚከተለው ነው። በሚገባ የበሰለና ሥጋው የበዛ 1 ኪሎ ቲማቲም ይመረጣል፤ ሞላላው ዓይነት ውኃው አነስተኛ ስለሆነ ይሻላል። ቲማቲሙ በፈላ ውኃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ተነክሮ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲዛወር ቆዳው በቀላሉ ይላጣል። ከዚያም ፍሬው ወጥቶ ይደቅቃል። በድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሞቅ ተደርጎ፣ የተከተፈ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሳይጠቁር ለአጭር ጊዜ ይቁላላል፤ ካረረ ስጎውን ያመረዋልና። ቲማቲሙና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ፣ ድስቱ ሳይከደን በዝግተኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እየተማሰለ ይበስላል። መድረሱ የሚታወቀው ማማሰያው የድስቱን መቀመጫ ሲጠርግ መስመሩ ውኃ ሳይሞላው ጥቂት ሲቆይ ነው። በመጨረሻ ጥቂት በሶብላ ወይም ጦስኝ ይነሰነስበታል። ኮምጣጣነቱ ከበዛ ጥቂት ስኳር ያለዝበዋል።

ለቂጣው ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት በእርሾ፣ በጨው፣ በጥቂት ዘይትና ለብ ባለ ውኃ ይቦካል፤ ወተትና እንቁላል አይገባበትም። ኩፍ ሲል በስሱ ተዳምጦ በምጣድ ላይ ተከድኖ ይጋገራል። አንዱ ወገን ሲበስል ተገልብጦ፣ የቀዘቀዘው ስጎ በስሱ ይቀባበትና ሽንኩርትና ቃሪያ ተደርጎበት እንደገና ይከደናል። ስጎው ከበዛ ቂጣው ስለሚረጥብ በልኩ መቀባት ይገባል። የተረፈውም በንጹሕ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሦስትና ለአራት ቀናት ይቆያል። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበት ስጎ ከማቀዝቀዣ ውጪ ቢያድር ለጤና አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የዕለቱን ብቻ መሥራት ያስፈልጋል።

በዐቢይ ጾም ሰንበታት ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ ስለማይጾም፣ ይህ ምግብ ከቅዳሴ መልስ ለሚሰበሰብ ቤተሰብ የተስማማ ነው። የደራዋ እናትም በሚቀጥለው ሰንበት እንዲሁ አደረጉ። ልጁ ሽንኩርት እየከተፈ እናቱን አገዘ፤ ወደ ንስሐ አባቱም ዘንድ መሄዱን ኋላ ሰማን። እርሱ በከተማ ለአንድ ፒዛ ብቻ ያወጣው የነበረው ገንዘብ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃውን ቲማቲምና ዱቄት ገዝቶ ተረፈው። ከምጣዱ የወጣው የመጀመሪያው ቂጣ ግን ለቤተሰቡ አልቀረበም፤ ልጁ ተሸክሞት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን አደረሰ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58፣ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ ማካፈል መሆኑን ይነግረናል። በደብረ ዘይት የምናስበው ዳኛም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው የሚጠይቀን ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው ነው። የማዕዳችን ጣዕም ከዚህ ጥያቄ እንዳያዘናጋን፣ ይልቁንም እንዲያስታውሰን ያስፈልጋል።

ቀሪውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።