የውኃን ጥልቀት በድምፅ የሚለካው መሣሪያ በጀልባ ላይ በየት ሊታሰር እንደሚገባ

ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ሰው በግድብ ያቆመው ውኃ ነው። ሥፍራው በኢትዮጵያ በውኃ ኀይል መብራት ከመነጨባቸው ቀደምት ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፥ ማመንጫው ብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ወንዞቹ ከውኃው ጋራ ደለልም ያመጣሉ፤ ደለሉ በወለሉ በተኛ መጠንም የውኃው ማደሪያ ይጠባል። የደለሉን ብዛት ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጥልቀቱን መለካት አለበት። የውኃውን ፊት አይቶ መገመት አይበጅም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላልና።

ዛሬ ጥልቀት የሚለካው፥ ዓሣም የሚፈለገው በድምፅ ነው። መሣሪያው በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁም ወለሉን መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ድምፅ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ በዚህ ተባዝቶ ለሁለት ሲከፈል ጥልቀቱ ይታወቃል። ዓሣም የሚታየው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን ስለሚመልሰው ነው።

እንግዲህ የዓሣውን አየር የሚያሳየው ድምፅ አረፋ ባገኘ ጊዜም እንዲሁ ይመለሳል፤ ወለሉም ይሰወራል። ስለዚህ የሥፍራው ምርጫ ሁሉ ከአረፋ በመራቅ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፥ ሞተር ያለው ጀልባ ሲፈጥን ፊቱ ከውኃ ይነሣልና፥ መሣሪያው ከኋላው ግድግዳ በታችኛው ጠርዝ ይታሰር፤ ነገር ግን ውኃውን ከሚገፋው ተሽከርካሪ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ሁለተኛ፥ ምስማርና ጉብታ ውኃውን ስለሚያውኩ ከእነርሱ በስተኋላ አይሁን። ሦስተኛ፥ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመልከት፤ ያዘነበለ እንደ ሆነ የሚያሳየው ጥልቀት ሐሰት ይሆናል። አራተኛ፥ ሽቦው ከሞተሩ ሽቦ ተለይቶ ይዘርጋ።

እንደ ጣና ባለ ሐይቅ በደንገል ታንኳ የሚለካ ሰው መሣሪያውን በታንኳው ውስጥ ቢያስቀምጠው አይረባውም፤ ደንገል በውስጡ አየር ስላለበት ድምፁን ያግዳልና። በጎን በጠና እንጨት አስሮ ወደ ውኃው ዝቅ ማድረግ ይገባዋል።

ከታሰረም በኋላ መሣሪያው ከውኃው ፊት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ተለክቶ በተገኘው ጥልቀት ላይ ይደመር። ይህ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ቢዘነጋ፥ በአንድ ሔክታር ላይ 2,000 ሜትር ኩብ የሌለ ደለል እንዳለ ሆኖ ይጻፋል፤ ለዓሣ አጥማጅ ቀላል የሆነው ስሕተት ግድብ ለሚጠብቅ ከባድ ነው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች ሲያስረዱ ገመድ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርገው፥ በጫፉ ድንጋይ አስረው ያሳዩ። የመሣሪያው ቍጥር ጸጥ ባለ ውኃ ከገመዱ ጋራ ሳይመሳከር አይታመንም። ባይስማሙ ገመዱ በቀጥታ መውረዱን፥ ድንጋዩም በለስላሳ ደለል አለመስጠሙን ተመልክተው፥ ከዚያ በኋላ የመሣሪያውን ሥፍራ እንደ ገና ይመርምሩ።